ሚኒስትሩን በግል መክሰስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ አዘዞ የምኖር የሰሊጥ ነጋዴ ነኝ። የላኪነት ፈቃዴ ከአዲስ አበባ በመጣ፣ አንድ ሚኒስትር በፈረሙበት ደብዳቤ ታገደ። ደብዳቤው «በተደረገው ማጣራት መሠረት ታግዷል» ከማለት በቀር ምንም አይልም። ጠርቶ የጠየቀኝ የለም። ሁለት ጊዜ አቤቱታ ባስገባም መልስ አላገኘሁም። ሰሊጡ መጋዘን ተቀምጧል፤ የባንክ ወለዱ ይቆጥራል። ሚኒስትሩን በግላቸው መክሰስ እችላለሁ? ወይስ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚባለው ዛሬም ይሠራል?

መልስ፦ የጠቀሱት አባባል በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውስጥ አንቀጽ ሆኖ ተቀምጧል። አንቀጽ 2137 ንጉሠ ነገሥቱ በኃላፊነት እንዳይከሰሱ ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ 2138 ይህንኑ ከለላ ከሥራቸው ጋር በተያያዘ ጉዳይ ለመንግሥት አባላት፣ ለፓርላማ አባላትና ለዳኞች ይሰጣል። ዘውዱ ከወረደ ግማሽ ምዕት ዓመት ቢያልፍም ሚኒስትሩን በግል ተከሳሽ ቢያደርጓቸው ጠበቃቸው መጀመሪያ የሚያነሣው መቃወሚያ ይኸው ነው። ከለላው የሚነሣው ባለሥልጣኑ ሥራቸውን ሲሠሩ በፈጸሙት ወንጀል ከተፈረደባቸው ነው፤ አንቀጽ 2139።

እኔ በበኩሌ ይህ ከለላ «ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ይሆናል» ከሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ጋር አብሮ የሚሄድ አይመስለኝም። ክርክሩ ቢነሣ ደስ ይለኛል። ነገር ግን በእርስዎ ሰሊጥና በእርስዎ ወለድ እንዲነሣ አልመክርም፤ ጉዳዩ በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ ሰውየውን ለጊዜው ትተው ውሳኔውን ይያዙ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችንም ይገዛል። የሰውን መብት የሚነካ ውሳኔ በጽሑፍ ሆኖ ምክንያቱ ሊገለጽበት ይገባል። በእርስዎ ደብዳቤ ላይ ግን ምን ተጣራ፣ ማን አጣራ፣ ምን ተገኘ የሚለው የለም። ጉድለቱን ለማስረዳት ከራሱ ከደብዳቤው የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግዎትም። እገዳው በመመሪያ ነው ከተባሉም የመመሪያውን ቁጥር ይጠይቁ፤ በአዋጁ መሠረት በፍትሕ ሚኒስቴር ያልተመዘገበ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም።

ፍርድ ቤት ከመሄድዎ በፊት ግን የመሥሪያ ቤቱን ቅሬታ ሰሚ አካል ማለፍ ግድ ነው። እነዚያን ሁለት አቤቱታዎች ለማን ነበር ያስገቡት? ለሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት የሄደ ማመልከቻ ለቅሬታ ሰሚው እንደቀረበ አይቆጠርልዎትም። ብዙ ሰው መዝገቡ የሚዘጋበት እዚህ ላይ ነው፤ እውነቱ እያለው በሥነ ሥርዓት ይረታል። አዲሱን አቤቱታ በሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱና መዝገብ ቤቱ የገቢ ቁጥርና ቀን ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ አንዱን እንዲመልስልዎት ያድርጉ። ውሳኔውን የሚመረምረው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ይህን ሥልጣን የክልላችን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በውክልና ይሠራበታል፤ መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ በመሆኑ ግን አቤቱታው የት እንደሚከፈት አስቀድመው ከጠበቃዎ ጋር ይወስኑ።

የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አለ፤ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፣ ክፍያ አይጠይቅም። ተቋሙ በፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይ ስለማይመረምር፣ ከሄዱ ክስ ሳይከፍቱ ይሂዱ።

ኪሳራውን በተመለከተ፣ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ፣ ማለትም ባለሥልጣኑ በሥልጣኑ ክልል ለመንግሥት ጥቅም እየሠራሁ ነው ብሎ በቅን ልቦና የፈጸመው ከሆነ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2126 ካሳ ከመንግሥት መጠየቅ ይቻላል። ጉዳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት ካለፈ ግን በአንቀጽ 2143 መሠረት በይርጋ ይታገዳል።

አሁን ሚኒስትሩን ማን ይጠይቃቸዋል ወደሚለው ልምጣ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 72 ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተጠሪነታቸው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ሹመታቸውን የሚያጸድቀው ይኸው ምክር ቤት ነው፤ በአንቀጽ 55(17) ጠርቶ ይጠይቃቸዋል፣ አሠራራቸውን ይመረምራል። የጎንደር ተመራጭዎ በዚያ አዳራሽ ወንበር አላቸው። የደብዳቤውን ቅጂ ለእሳቸውም፣ ሚኒስቴሩን ለሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴም ይላኩ። አንድ ሰሊጥ ነጋዴ የላከው ወረቀት የትም አይደርስ ይሉ ይሆናል። ተመሳሳይ ደብዳቤ የደረሳቸው ሌሎች ነጋዴዎች በጎንደርም በመተማም ካሉ አብረው ይፈርሙ፤ ያኔ ነገሩ የአንድ ሰው ቅሬታ መሆኑ ይቀርና የአሠራር ጥያቄ ይሆናል።

ጉቦ አለበት ብለው ከጠረጠሩ መንገዱ ሌላ ነው። ሚኒስትር በመሆን ብቻ ከወንጀል ክስ መዳን የለም። የምክር ቤት አባል ከሆኑ ግን፣ እጅ ከፍንጅ ካልተያዙ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይከሰሱም፤ አንቀጽ 54(6)። በ1992 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ታምራት ላይኔ ላይ በሙስና የ18 ዓመት እስራት ፈርዷል። እሳቸውም የተከሰሱት ከሥልጣን ከተነሡ በኋላ ነበር። ሕጉ ባለሥልጣኑ ወንበሩ ላይ ሳለ ይጠየቅ ይላል፤ እኛ የለመድነው ከወደቀ በኋላ ነው። በ1966 የሚኒስትሮችን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ሳለ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ ሰዎች ከመካከላቸው ነበሩ። የእነዚያ ሰዎች ጥፋት በፍርድ ቤት ሳይመረመር ቀረ። ስለዚህ በማስረጃ የማይደገፍ ውንጀላ በደብዳቤዎ ውስጥ አይጻፉ፤ ያለዎትን ማስረጃ ብቻ ያያይዙ።

ጠበቃ ጋ ሲሄዱ የእገዳውን ደብዳቤ ዋናውን፣ የደረሰዎትን ቀን የሚያሳይ ፊርማ ወይም ፖስታ፣ የሁለቱን አቤቱታዎች ቅጂ፣ የመጋዘን ደረሰኝና ወለዱን የሚያሳየውን የባንክ መግለጫ ይዘው ይሂዱ። የደረሰዎትን ቀን የሚያሳይ ነገር ከሌለዎት፣ ደብዳቤውን ያመጣልዎትን ሠራተኛ ስም ዛሬውኑ ይጻፉ።