መጋዘን ውስጥ የበዛው ጤፍ

ልጆቼ ሰላም ነው? ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት ምናምን ለምትማሩት ነው ይሄን የምጽፈው። ሰላሳ ዓመት ሒሳብ ደብተር ላይ ያቀረቀርኩ ሰው ነኝ፣ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ።

በ1986 ገና ዲፕሎማዬን እንደያዝኩ እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም አንድ እህል ነጋዴ ጋ ተቀጠርኩ። የዓመቱን ቆጠራ ስናደርግ መጋዘን ያለው ጤፍ ደብተሩ ላይ ካለው በ40 ኩንታል በለጠ። እህል እኮ ሲቀመጥ ይደርቃል፣ አይጥ ይበላዋል፣ ከጆንያ ይፈሳል፣ ይቀንሳል እንጂ አይበዛም። እኔ ግን የተማርኩት ልዩነት ሲገኝ የት እንደሚመዘገብ ስለነበር "ልዩ ልዩ ገቢ" ብዬ ጻፍኩት፣ ኦዲተሩም ምልክት አድርጎበት አለፈ፣ አለቃዬም ጎበዝ አለኝ።

ጤፉ ከየት እንደመጣ የገባኝ በገበያ ቀን ሚዛኑ ጋ ስቆም ነው። አንዲት እናት ቤታቸው በቁና ሰፍረው አውቀውት በአህያ ጭነው ያመጡት ጤፍ ሚዛኑ ላይ አነሰባቸው፣ ዝም ብለው አዩትና "እንግዲህ ሚዛኑ ካለ ምን እላለሁ" ብለው ብሯን መቀነታቸው ላይ ቋጥረው ሄዱ። ያ 40 ኩንታል የሳቸውና የመሰሎቻቸው ነበር። ትንፍሽ አላልኩም፣ ሌላ ሥራ እስካገኝ ስምንት ወር እዛው ደመወዝ በላሁ፣ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

አያችሁ፣ ሌብነት ኃጢአት መሆኑን እናቴ ነግራኛለች። የጎደለኝ "ልዩ ልዩ ገቢ" የሚለው መስመር ውስጥ የሰው ጤፍ ሊኖር እንደሚችል የሚያሳየኝ መምህር ነው፣ ለዚህ ነው ኤቲክስ ለብቻው አንድ ኮርስ ሆኖ ፈተናው ሲያልቅ የሚረሳ ከሆነ አይበቃም የምለው። ኤንሮን የሚባለው የአሜሪካ ካምፓኒ 64 ገጽ የሥነ ምግባር መመሪያ ነበረው፣ ዕዳውን ደብቆ ትርፉን አጋንኖ ሲያበቃ ግን በፈረንጆቹ 2001 ወደቀ፣ ሒሳቡ ትክክል ነው ብሎ ሲፈርምለት የኖረው አርተር አንደርሰን የሚባለው የኦዲት ድርጅትም አብሮት ፈረሰ። በፈረንጆቹ 2007 ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት በኩል ለቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ኃላፊነትን የሚመለከቱ 6 መርሆች ወጡ፣ ጥሩ ነው፣ ግን መርሁ ኮስት አካውንቲንግና ኦዲቲንግ ክፍል ድረስ ካልገባ ያው የኤንሮን መመሪያ ነው የሚሆነው።

ዘላቂነት የሚሉትም እንደዛው። ጮቄ ላይ ተዳፋቱ ታርሶ አፈሩ በክረምት ታጥቦ ዓባይ ሲገባ የድንቹና የገብሱ ዋጋ ውስጥ የለም፣ ማንም ወጪ ብሎ አይመዘግበውም። አዊ ደግሞ የፋግታ ለኮማን ነገር ጠይቁ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ከጤፍ ጋር አብሮ ይተክል ነበር፣ ቀጥሎ ሳሩን ያጭዳል፣ በአራት አምስት ዓመቱ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያወጣና መሬቱን መልሶ ያርስ ነበር፣ አፈሩም ያገግም ነበር። የከሰሉ ጭስ የሚያስለው ሰው ግን አለ፣ ስለዚህ ፊዚቢሊቲ፣ ማለትም ሥራው ያዋጣል ወይ የሚለውን ጥናት ስትሠሩ አፈሩንም ጭሱንም አስገቡ፣ ሒሳቡ ይከብዳል አውቃለሁ፣ ቢሆንም ሞክሩት።

መምህሮቻችሁን ደግሞ እባካችሁ ጠይቁልኝ፣ የ40 ኩንታሉን ነገር ኦዲቲንግ ፈተና ላይ ያውጡት፣ የት ይመዘገባል ብቻ ሳይሆን የማን ነው ብለው።