ጨርቅ ሸፍናችሁ አዳምጡ

ልጆቼ፣

ከሚክሰር፣ ከድምፅ ማስተካከያው ዕቃ፣ ኋላ ተቀምጬ ካረጀሁባቸው ዓመታት አንዲት ያፈርኩባትን ምሽት ልንገራችሁ። ዘፋኙ «ድምፄ ደረቀብኝ» አለ። አንዷን ቁልፍ በቀስታ አዞርኩ፤ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ መለስ። «አሁን ተስተካከለ!» አለኝ። እኔም ሰማሁ፤ ድምፁ ወዝ አገኘ። ዕቃ ስንሰበስብ ነው ያየሁት፦ ስነካካው የቆየሁት የሌላ ማይክሮፎን ቁልፍ ነበር። ያ ማይክሮፎን ደግሞ ጭራሽ አልተሰካም።

አልዋሸሁም፤ ወዙን ሰምቼዋለሁ። እጄ ሲዞር ዓይኔ አየ፤ ጆሮዬም ተከተለ። ስለዚህ ሰው «ይህ ውድ ኬብል ባሱን አጠራው» ቢላችሁ ውሸታም አትበሉት። ጨርቅ አቀብሉት፤ ዕቃውን ሸፍኖ ያዳምጥ።

እ.ኤ.አ. በ1994 የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የስፒከር አምራች የሆነውን የሃርማንን ሠራተኞች ሰብስበው ይህንኑ ፈተኑ። ሠራተኞቹ ስፒከሮቹን እያዩ ሲያዳምጡ ለትልልቆቹና ለሚያምሩት አደሉ፤ ትንሿን ርካሽ ዕቃ ናቋት። መጋረጃ ሲጋረድ የነጥቡ ልዩነት ጠበበ። ያዳምጡ የነበሩት በሙያው የሚተዳደሩ ሰዎች መሆናቸውን ልብ በሉ።

ሁለት አምፕሊፋየር፣ ማለትም ለስፒከር ኃይል የሚሰጡ ማጉያዎች፣ ስታወዳድሩ ከጆሮ በፊት መልቲሜትር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ይቅደም። አንዱ በግማሽ ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ቢበልጥ ጆሮ «ጮኸ» አይልም፤ «ጠራ»፣ «ሰፋ» ይላል። ብልጥ ሻጭ ይህን ያውቃል፤ ሊሸጥ የፈለገውን በጥቂቱ ከፍ አድርጎ ያሰማችኋል። 1000 ኸርዝ ድምፅ ለቃችሁ በስፒከሩ መግቢያ ላይ ቮልቱን ለኩ፤ ልዩነቱ ከ1 በመቶ አይለፍ፤ ይህ 0.1 ዴሲቤል ገደማ ነው። ከዚያ ጓደኛችሁ ሳንቲም እየጣለ ይቀያይር፤ ፊቱ ምሥጢር ያወጣልና እሱም ከመጋረጃው ማዶ ይቀመጥ። የትኛው አምፕሊፋየር እየሠራ እንደሆነ 16 ጊዜ ለመለየት ሞክሩ። 12ቱን ከለያችሁ እኔም አምናችኋለሁ፤ በግምት ብቻ 12 ወይም ከዚያ በላይ ማግኘት እንዲህ ያለው የ16 ጊዜ ፈተና 100 ጊዜ ቢደገም 4 ጊዜ ያህል ቢደርስ ነው። 9 ካገኛችሁ ግን ገንዘባችሁ ኪሳችሁ ይቆይ።

ለልኬት ብቻ የሚሰግዱትንም አልወዳቸውም። አንድ ሰው በማያውቀው ዘፈን፣ ደክሞት ሳለ መለየት ስላቃተው «ልዩነት የሚባል የለም» ብለው ይደመድማሉ። ስፒከርና ክፍል በእርግጥ ይለያያሉ፤ ምንጣፍ አንጥፋችሁ ብታጨበጭቡ ትሰሙታላችሁ።

ቤቴ አንድ አሮጌ ቴፕ አለ፤ ልኬቱ የሚያሳፍር ነው። ማታ ማታ የምከፍተው እሱን ነው። በጨርቅ ሸፍኜው አላውቅም።