ለክፍል ሥራ የሌላ እምነት ቤተ አምልኮ ብገባ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሜሪላንድ የምማር የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ ስለ ዓለም ሃይማኖቶች የሚያስተምር ኮርስ ወስጃለሁ። አስተማሪያችን ከየራሳችን እምነት ውጭ ወደሆነ ቤተ አምልኮ ሄደን፣ ሥርዓቱን ተከታትለን ወረቀት እንድንጽፍ አዘዘን። ለእኔ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ደረሰኝ። እናቴ «እግርሽ እዚያ እንዳይረግጥ» አለችኝ። ግሬዴም አሳስቦኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከመሄድሽ በፊት መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል።

የሐዋርያት ቀኖና ምእመን ወደ ሌሎች የጸሎት ቤት «ለመጸለይ» እንዳይገባ ይከለክላል። ቃሉን ልብ በዪው፤ ለመጸለይ ነው የሚለው። ቅዱስ ጳውሎስ አቴና ላይ የአሕዛብን መሠዊያ እየዞረ አይቷል፤ የተጻፈበትንም አንብቧል (ሐዋ. 17፥23)። ባያየው ኖሮ ያን ስብከት በምን ይጀምረው ነበር? በ4ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ቅዱስ ባስልዮስና ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት እዚያው አቴና ከአሕዛብ መምህራን ተምረዋል። ጎርጎርዮስ እንደሚናገረው የሚያውቁት መንገድ ሁለት ነበር፦ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ትምህርት ቤት።

ስለዚህ ለማየትና ለመማር ብትገቢ ኃጢአት ነው አልልሽም። ጫማ አውልቂ ይሉሻል፤ አውልቂ። የእንግዳ ወግ ነው። ከኋላ ቁጭ በይ። ሲሰግዱ አትስገጂ። የመብራቱን ሳሕን ይዘው ሲመጡ ሰዎች እጃቸውን ነበልባሉ ላይ ዘርግተው ፊታቸውን ይዳስሳሉ፤ አንቺ ይለፍሽ። ግንባርሽንም አትቀቢ።

ከሁሉ የሚከብደው ምግቡ ነው። መጨረሻ ላይ ፕራሳድ የሚሉትን ፍራፍሬ ወይም ጣፋጭ ያድላሉ። ሲሰጡሽ በፍቅር ነው፤ እምቢ ማለት ይጨንቃል፣ ይገባኛል። ግን ያ ምግብ አስቀድሞ በጣዖቱ ፊት የቀረበ ነው። ሐዋርያው «ለጣዖት የተሠዋ ነው» ከተባላችሁ አትብሉ ብሏል (1ኛ ቆሮ. 10፥28)። እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ «አመሰግናለሁ፣ እምነቴ አይፈቅድልኝም» በይ። በቂ ነው። ተቀብለሽ ጓሮ መጣል ግን ነውር ነው። በእኛ ማኅሌት የሚስቅ እንግዳ ቢመጣ ምን ይሰማሻል?

አንዳንዶች የሶርያውን የጦር አለቃ ንዕማንን ይጠቅሳሉ። ንጉሡን ደግፌ ሬሞን በተባለው ጣዖት ቤት ስሰግድ ይቅር ይበለኝ ቢል ኤልሳዕ «በደኅና ሂድ» ብሎታል፤ ስለዚህ ለይምሰል መስገድም ይቻላል ይላሉ (2ኛ ነገ. 5፥18-19)። እኔ አልስማማም። ንዕማን ራሱ ይቅርታ የለመነበትን ነገር እንደ ፈቃድ መውሰድ አይገባም። ያውም እሱ ገና ትናንት ያመነ ሰው ነበር። አንቺ በ80 ቀንሽ የተጠመቅሽ ነሽ።

ልብሽ አሁንም ከከበደ አትሂጂ። ቀኑ ሳይደርስ አስተማሪሽን በግልጽ አነጋግሪው። የአምልኮ ሰዓት ባልሆነ ጊዜ መጎብኘት ወይም ከእምነቱ ተከታይ ጋር ቃለ መጠይቅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠይቂው። ምክንያትሽን በትሕትና ካስረዳሽው ብዙ አስተማሪዎች ይሰማሉ። ሳትሄጂ ሄድኩ ብለሽ እንዳትጽፊ ብቻ። እሱ ውሸት ነው።

እናትሽን ደብቀሽ አትሂጂ። በሰው አገር ልጄን አጣለሁ ብላ ነው የምትፈራው። ቁጭ ብለሽ የምታደርጊውንና የማታደርጊውን ዘርዝረሽ ንገሪያት። ለንስሐ አባትሽም ደውዪ፤ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁሻል። «ይቅርብሽ» ካሉሽ እሺ በይና አስተማሪሽን ሌላ ሥራ ጠይቂ።