የሁለቱ ወንድማማች ውሾች ትኩሳት ከዘር ነውን?

ጥያቄ፦ ክቡር ዶክተር፣ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። ከአንድ እናት በአንድ ጊዜ የተወለዱ ሁለት ወንድ ውሾች አሉኝ። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ሁለቱም አልፎ አልፎ እየጋሉ ምግብ ይተዋሉ። ሐኪማቸው ደም ወስዶ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን ቢያስመረምር፣ አንዱ 86፣ ሌላው 71 ሚሊግራም በሊትር ሆኖ ተገኘ። እናታቸውም ትኩሳት ሲመላለስባት ቆይታ ነው የሞተችው። ነገሩ የዘር ይሆን? ከሴት ጋር ባገናኛቸውስ ምን አለ?

መልስ፦ ይህ ፕሮቲን የሚሠራው በጉበት ነው። በሰውነት ውስጥ ኢንፌክሽን፣ ቁስል ወይም ሌላ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ሲነሣ፣ የመከላከያ ሴሎች ኢንተርሊውኪን 6ን የመሳሰሉ መልእክተኞችን ወደ ጉበት ይልካሉ፤ ጉበትም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ማምረት ይጀምራል። በውሻ ደም ውስጥ መጠኑ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ጣሪያው ላይ ይደርሳል፤ መነሻው ሲወገድ ደግሞ በቀናት ውስጥ ይወርዳል። በጤነኛ ውሻ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሚሊግራም በሊትር ስለማይበልጥ፣ የእርስዎ ውሾች ብግነት እንዳለባቸው አያጠራጥርም፤ ምን እንደያዛቸው ግን ቁጥሩ አይናገርም። በነገራችን ላይ፣ ለሰው የተሠራ መመርመሪያ ሁሉ የውሻን ፕሮቲን በትክክል ስለማይለካ፣ ላቦራቶሪው የተጠቀመበት ለውሻ የተፈተነ መሆኑን ይጠይቁ።

ወደ ዘሩ እንምጣ። በዘር የሚተላለፍ የብግነት ሕመም በውሾች ላይ በእርግጥ አለ። ቆዳው የተሸበሸበው የቻይናው ሻር ፔይ ዝርያ ለተደጋጋሚ ትኩሳት የተጋለጠ ሲሆን፣ ኤች-ኤ-ኤስ-2 በተባለው ዘረ መል አጠገብ የሚገኝ የተደጋገመ ክፍል ከቆዳው መሸብሸብም ከትኩሳቱም ጋር እንደሚያያዝ በ2011 በታተመ ጥናት ተገልጿል። ብግነቱ ሲመላለስ ሲረም አሚሎይድ ኤ የተባለው ሌላው የጉበት ፕሮቲን እየበዛ ኩላሊት ላይ ሊከማችና ሊያበላሸው ይችላል። በብሪታኒ ስፓንያል ዝርያ ደግሞ ከእናትም ከአባትም የሚወረስ ጉድለት ሲ-3 የተባለውን የመከላከያ ፕሮቲን ከደም ያሳጣል፤ እነዚህም ውሾች በኢንፌክሽን በተደጋጋሚ ይጠቃሉ።

የእርስዎ ውሾች ግን ከእነዚህ ዝርያዎች የተገኙ ካልሆኑ፣ እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው መዥገርን ነው። ወንድማማቾች ዘራቸውን የሚጋሩት በከፊል ነው፤ ግቢውን ግን ሙሉ በሙሉ ይጋሩታል፤ እናታቸውም እዚያው ኖራ ከሆነ እንዲሁ። ቡናማው የውሻ መዥገር ኤርሊኪያንና ባቤዥያን የተባሉ የደም ተሕዋስያንን ያስተላልፋል፤ ሁለቱም ትኩሳትና የምግብ ጥላቻ ያመጣሉ፣ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲንንም ከፍ ያደርጋሉ። ዛሬውኑ የጆሮአቸውን ውስጥ፣ የጣቶቻቸውን መካከልና ከአንገት ማሰሪያው ሥር ይፈትሹ፤ ድዳቸው ነጣ ብሎ ከሆነም ለሐኪማቸው ይንገሩ። ይህ መዥገር በግድግዳ ስንጥቅና በውሻ ቤት ጣውላ መካከል ስለሚፈለፈል፣ ውሻውን ብቻ ማከም አይበቃም። የደም ስሚር (በመስታወት ላይ የተቀባ የደም ጠብታ) በማይክሮስኮፕ እንዲታይና ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት የፕላትሌቶች ቁጥር እንዲለካም ሐኪሙን ይጠይቁ። እስከዚያው ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ከቤት አንሥተው እንዳይሰጡ፤ እነዚህ ውሻን ይመርዛሉ።

ሕክምናው ካበቃ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ውሾቹ ደኅና ሆነው በሚታዩበት ቀን፣ ፕሮቲኑ በዚያው ላቦራቶሪ እንደገና ይለካ። ወርዶ ከተገኘና ትኩሳቱም ካልተመለሰ፣ በዚህ ምክንያት ከሴት ጋር እንዳይገናኙ የሚያግድ ነገር አይታየኝም። መዥገሩ ጠፍቶ፣ ሌላም መነሻ ተፈልጎ ሳይገኝ ትኩሳቱ ከተመላለሰ ግን ጥርጣሬው ወደ ዘር ያዘነብላል፤ ያን ጊዜ የጋሉባቸውን ቀናት በማስታወሻ ይዘው ወደ ሐኪማቸው ይመለሱ፣ ነገሩ እስኪጣራም ድረስ ከሴት ያርቋቸው።