ንዴትን ማፈን፣ ፊትን ማንበብ፦ ስለ ስሜት ጥያቄና መልስ

(ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጥያቄ፦ የውሸት ፈገግታ በዓይን ይታወቃል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። ነገሩ የመጣው ከፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን ደ ቡሎኝ ነው፤ የፊት ጡንቻዎችን በኤሌክትሪክ እያነቃቃ ያጠናውን በ1862 አሳተመ። የከንፈርን ጫፍ ወደ ላይ የሚስበው ጡንቻ ለፈቃዳችን ይታዘዛል፣ በዓይን ዙሪያ ያለው ግን ከልብ ደስ ሲለን ብቻ ይንቀሳቀሳል አለ። በኋላ እንደታየው ግን ብዙ ሰው ይህንንም ጡንቻ ሆን ብሎ ማንቀሳቀስ ይችላል። ከዚያም በላይ፣ ከንፈር በደንብ ሲለጠጥ ጉንጭ ወደ ላይ ስለሚገፋ የዓይን ዳር በራሱ ይሸበሸባል። ጊዜው የተሻለ ፍንጭ ነው፦ ከልብ የመጣ ፈገግታ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ቀስ ብሎም ይከስማል፤ ለይሉኝታ የተደረገው ብዙውን ጊዜ ድንገት መጥቶ ድንገት ይቆረጣል። ለነገሩ የይሉኝታ ፈገግታ ክፋት የለውም፤ ትሕትና ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፊት አይቶ ውሸታም መለየትን የሚያስተምሩ ስልጠናዎች ይጠቅማሉ?

መልስ፦ ገንዘባችሁን አታውጡ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ቦንድና ደፓውሎ በ2006 በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመዝኑ፣ ሰዎች እውነትና ውሸትን በትክክል የለዩት በአማካይ 54 በመቶ ብቻ ነበር፤ በዘፈቀደ መገመት 50 በመቶ ያስገኛል። ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ብልጭ የሚል የፊት ገጽታ መኖሩ እውነት ነው፤ ግን አልፎ አልፎ እንጂ ሁልጊዜ አይታይም። ሲታይም ፍርሃት መኖሩን ቢጠቁም እንኳ ምክንያቱን አይነግረንም። የተጠረጠረ ንጹሕ ሰውም ይፈራል።

ጥያቄ፦ የንዴት ፊት በሰው ልጅ ሁሉ ዘንድ አንድ ነው?

መልስ፦ ክርክሩ አልተዘጋም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤክማንና ፍሪሰን በ1971 ባወጡት ጥናት፣ በፓፑዋ ኒው ጊኒ የሚኖሩ የፎሬ ሰዎች አጭር ታሪክ ሰምተው ከታሪኩ ጋር የሚሄደውን ፎቶ መርጠዋል። አብዛኛው ተገጣጥሟል፤ ፍርሃትን ከመገረም መለየት ላይ ግን ተቸግረዋል። ተቺዎች ጥያቄ የሚያነሱት በአጠያየቁ ላይ ነው፦ ጥቂት አማራጭ ሲሰጥ መልሱን መገመት ይቀላል፤ «በራስህ ቃል ተናገር» ሲባል ስምምነቱ ይቀንሳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሊሳ ፌልድማን ባሬትና ባልደረቦቿ በ2019 ባደረጉት ግምገማ፣ የተናደደ ሰው ግንባሩን የሚቋጥረው 30 በመቶ ለሚሆነው ጊዜ ብቻ ነው። በጥሞና የሚያስብ ወይም ሆዱን የሚያመውም ግንባሩን ይቋጥራል። እኔ የማደላው ለዚህኛው ወገን ነው፤ ፊት ብቻውን አይነበብም።

ጥያቄ፦ ንዴትን ዋጥ ማድረግ ይሻላል ወይስ ማውጣት?

መልስ፦ ሁለቱም ብዙ አያዋጡም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው የጄምስ ግሮስ ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ ስሜቱን ከፊቱ ላይ የሚደብቅ ሰው ውስጡ አይቀልለትም፤ ሰውነቱ ይበልጥ ይወጠራል፣ በዚያች ሰዓት የተነገረውንም በደንብ አያስታውስም፤ ልቡ ራሱን በመጠበቅ ተይዟልና። ሌላው ተመራማሪ ቡሽማን በ2002 ያጠናው ደግሞ «ማውጣትን» ነው። ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት የደበደቡት ሰዎች፣ ዝም ብለው ከተቀመጡት ይልቅ ተናደው ተገኙ።

የሚሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰውነትን ማርገብ፦ 4 ሰከንድ ወደ ውስጥ፣ 6 ሰከንድ ወደ ውጭ መተንፈስ፣ ለ3 እስከ 5 ደቂቃ። እዚህ ላይ የተለመደው ስሕተት አየር በብዛትና በፍጥነት መሳብ ነው፤ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወርድ ራስ ያዞራል፣ ጣት ይደነዝዛል። ቀጥሎ ስሜቱን በትክክል መሰየም፦ «ተናደድኩ» ከማለት «በሰው ፊት ስለተናቅሁ አፈርኩ» ማለት ቀጣዩን እርምጃ ያሳያል። ከዚያ ለተደረገው ነገር ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችል እንደሆነ መጠየቅ፣ ማለትም ትርጉሙን መቀየር። ይህ ስሜቱ ገና ሲነሳ ነው የሚሠራው፤ ከጋለ በኋላ አእምሮ አይቀበለውም። የደረሰው በደል እውነተኛ ከሆነ ግን ትርጉሙን መቀየር መድኃኒት አይደለም፦ የተደረገውን፣ የተሰማችሁንና የምትፈልጉትን በቅደም ተከተል ተናገሩ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነህ» የሚለው ንግግር ሌላውን ለመከላከል ብቻ ያነሳሳዋል።

ጥያቄ፦ መጻፍስ?

መልስ፦ ለአንዳንዱ ይረዳል፤ ጥቅሙ ግን በአማካይ ትንሽ ነው። ተመራማሪዎቹ ፔኔቤከርና ቢል በ1986 ሰዎችን ስለ ከባድ ገጠመኛቸው ያስጻፉት በቀን 15 ደቂቃ፣ ለ4 ተከታታይ ቀናት ነበር። እንደጨረሳችሁ ለጥቂት ጊዜ ቢከፋችሁ የተለመደ ነው። በአራተኛው ቀን የምትጽፉት ከመጀመሪያው ቀን ምንም ካልተለየ፣ ማብሰልሰል ሆኗልና ተዉት።

ጥያቄ፦ እኔ የሚሰማኝን ራሱ አላውቀውም። ይጨንቀኛል፣ በቃ። በሽታ ነው?

መልስ፦ ሁኔታው አሌክሲታይሚያ ይባላል፤ ከሰው ሰው መጠኑ የሚለያይ ባሕርይ እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። ከሰውነትዎ ይጀምሩ፦ የቱ ጋ ነው የተወጠረው? ደረት፣ ጉሮሮ፣ ሆድ? ምን ማድረግ ያሰኝዎታል፦ መሸሽ፣ መጣላት፣ ወይስ መደበቅ? መሸሽ ከሆነ ፍርሃትን፣ መደበቅ ከሆነ ሐፍረትን መጀመሪያ ይጠርጥሩ። ጭንቀቱ ሁለት ሳምንት አልፎ እንቅልፍና ምግብ ከነሳዎት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ግን ዛሬውኑ።