«ልመልሰው ነበር» ለምትሉ

ለንደን ውስጥ በፖሊስ ጣቢያና በፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆኜ መሥራት ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የሰው ምስጢር ስለሆነ እዚያ የሰማሁትን አላወራም። አንዲት ንግግር ግን ከብዙ አፍ ሰምቼ ስለተረጎምኋት የማንም አይደለችም፦ «ልመልሰው ነበር»። ተናጋሪው ይህን ሲል እፎይ ይላል፤ ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል።

በእንግሊዝና በዌልስ (ስኮትላንድ የራሷ ሕግ አላት) ስርቆት የሚዳኘው እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው የስርቆት ሕግ ነው። አንቀጽ 1 እንደሚለው፣ የሌላ ሰው የሆነውን ንብረት፣ ባለቤቱን ለዘለቄታው ለማሳጣት አስቦ፣ ሐቀኝነት በጎደለው አኳኋን የራሱ ያደረገ ሰው ሰርቋል። ቅጣቱ እስከ 7 ዓመት እስራት ይደርሳል። ከሳሽ ከእነዚህ ነጥቦች አንዷን ማስረዳት ካልቻለ ተከሳሹ ነጻ ይወጣል።

«ልመልሰው ነበር» ባዩ የሚንጠለጠለው «ለዘለቄታው» በምትለዋ ቃል ላይ ነው። ለተዋሱት መጽሐፍ ትሠራ ይሆናል። ለገንዘብ ግን አትሠራም። በ1989 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የወሰነው አንድ ጉዳይ አለ፦ አንድ የድርጅት ሥራ አስኪያጅ ከመሥሪያ ቤቱ ካዝና 1,050 ፓውንድ ወስዶ «ልመልሰው ነበር» አለ። ፍርድ ቤቱ ግን የምትመልሰው ሌላ ኖት ነው፤ የወሰድሃቸውን ኖቶች ለዘለቄታው አሳጥተሃል አለው። የመመለስ ሐሳቡ የሚጠቅመው፣ ቢጠቅም፣ ስለ ሐቀኝነቱ ሲጠየቅ ብቻ ነው። እቁቡ እሑድ እንደሚደርሰው አስልቶ ዓርብ ማታ ከሱቁ የገንዘብ መሳቢያ 200 ፓውንድ «የሚዋስ» ወንድሜ ይህን ይስማ።

ሐቀኝነትስ በማን ሚዛን? ከ2017 ወዲህ ፍርድ ቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው ሰውየው በእርግጥ ምን ያውቅ፣ ምን ያምን እንደነበር ነው። ከዚያ በኋላ ድርጊቱን የሚመዝነው ተራው ጨዋ ሰው በሚያየው ዓይን ነው። «በእኔ ግምት ነውር አይደለም» ማለት አያዋጣም። አለቃዬ ፈቅዶልኛል፣ ወይም ቢያውቅ ይፈቅድልኝ ነበር ብሎ ከልቡ ያመነ ሰው ግን በአንቀጽ 2 ይጠበቃል። ስለዚህ ፈቃዱን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ አንዲት የስልክ መልእክት ትበቃለች።

ከሱቅ ካልወጡ ስርቆት የለም የሚሉም አሉ። በ1983 የጌቶች ምክር ቤት (ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እሱ ነበር) የርካሹን ዕቃ የዋጋ ወረቀት ልጦ በውዱ ላይ የለጠፈ ሰው፣ ገና ሒሳቡን ሳይከፍል እንኳ፣ የባለቤቱን መብት ለራሱ እንዳደረገ ወስኗል። ዛሬ በመክፈያ ማሽኑ ላይ አቮካዶውን ሽንኩርት ብሎ የሚመዝን ሰው ከዚያ ብዙ አይርቅም። ረስቶ የወጣ ሰው ግን ሌባ አይደለም። ችግሩ መርሳቱን የሚያምነው ማግኘት ነው።

እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመቴ፣ ሆቴል ውስጥ ሰሃን ሳጥብ፣ የወሩ ደመወዝ ሁለት ጊዜ ገባልኝ። ጓደኞቼ «እግዜር ሰጠህ» አሉኝ። አንቀጽ 5 ግን በስህተት የመጣ ገንዘብ፣ የመመለስ ግዴታ እስካለ ድረስ፣ የላኪው ንብረት ነው ይላል። እያወቁ ዝም ማለት ያስከስሳል። መለስሁት፤ ደስ ብሎኝ ነበር ብል ግን ውሸት ነው።

ይኸው ሕግ ለእንግዳም ይቆማል። ከብዙ ዓመት በፊት፣ እንግሊዝኛ የማይችል አንድ ጣሊያናዊ ተማሪ ቪክቶሪያ ጣቢያ ወርዶ ታክሲ ያዘ። ዋጋው ግማሽ ፓውንድ ገደማ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ፓውንድ ቢሰጠውም ሾፌሩ አይበቃም ብሎ ተማሪው ከከፈተው ቦርሳ 6 ፓውንድ ጨመረ። «ፈቅዶ ነው» የሚለው መከራከሪያ ሾፌሩን አላዳነውም።

ከተያዛችሁ፣ በፖሊስ ጣቢያ ጠበቃ በነጻ የማግኘት መብት አላችሁ፤ ቅዳሜ ሌሊትም ቢሆን። ፖሊስ በማስጠንቀቂያ ልልቀቅህ ቢላችሁ ቶሎ አትፈርሙ። ማስጠንቀቂያውን መቀበል ጥፋትን ማመን ነው፤ ዜግነት ስትጠይቁም ይነሣል። «ልመልሰው ነበር» ከማለታችሁም በፊት ጠበቃ ጠይቁ፤ እኔ አጠገባችሁ ብቀመጥ እንኳ ያላችሁትን እንዳለ ከመተርጎም በቀር ላደርግላችሁ የምችለው ነገር የለም።