ንግግሩን ተዪውና ሊኬ እዪ

ሰላም እህቴ። በመጀመሪያ እናትሽን እንኳን እግዜር ማረልሽ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሕክምናው አልቋል፣ እስከ ቀጠሮው ድረስ አስር ቀን ባንኮክ ትቆያላችሁ። የተዋወቅሻት ታይላንዳዊት ሰው እያሳቀ የሚመክር አነቃቂ ተናጋሪ ዘንድ ልውሰዳችሁ ብላለች፣ አንቺ ደግሞ ባህላዊ ቲያትር ይሻል ይሆን ብለሽ አመንትተሻል። ታይኛ ሁለታችሁም አትችሉም። እኔ እዚያ አራት ዓመት ስለሰራሁ ሁለቱንም ቀምሻቸዋለሁ።

ንግግሩን ተዪው። መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ሰዎቹ ጎበዞች ናቸው። ግን ለእኛ አይሆንም፣ ሊኬ የሚባለው የሰፈር ቲያትር ይሻላችኋል።

በሁለተኛው ዓመቴ መስሪያ ቤታችን ሠራተኛውን በሙሉ ሆቴል አዳራሽ ሰብስቦ አንድ ተናጋሪ አስመጣልን። ሰውየው ስለ ዕዳ፣ ስለ አማት፣ ስለ አለቃ ያወራል፣ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። እኔ አጠገቤ ያለችውን ልጅ በጎን እያየሁ እሷ ስትስቅ እስቃለሁ። አንድ ጊዜ እሷ አፏን በእጇ ስትሸፍን አየሁና ሳቄን ለቀቅኩት። ለካ ሰውየው ስለ እናቱ ሞት እያወራ ኖሯል፣ ልጅቷም እያለቀሰች ነበር። እስከዛሬ ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል።

ቋንቋው ራሱ ያስቸግራል። ታይኛ አምስት ዓይነት የድምፅ ቃና አለው፣ ያው ቃል ከፍና ዝቅ ሲል ትርጉሙ ሌላ ይሆናል። የሁለት ቃላትን ድምፅ አቀያይሮ ብልግና ማውጣት ደግሞ የሚወዱት ቀልድ ነው። ሰሙም ወርቁም ሲያመልጥሽ አስቢው።

ሳቅና ምክር ማጣመር እዚያ አገር ትልቅ ነገር መሆኑን ግን እወቂ። ኡዶም ቴፓኒት የሚባለው ኮሜዲያን በፈረንጆቹ ከ1995 ጀምሮ ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ አዳራሽ ሲሞላ ኖሯል። መነኮሳቱም አይቀሩም። ፕራ ማሃ ሶምፖንግ የሚባሉ መነኩሴ ትምህርት ቤት ድረስ እየሄዱ በቀልድ ሲያስተምሩ የታወቁ ነበሩ። በፈረንጆቹ 2021 ሴፕቴምበር ላይ ከሌላ ወጣት መነኩሴ ጋር በፌስቡክ ቀጥታ ሲያስተምሩ በአንድ ጊዜ ከ200,000 በላይ ሰው ተመለከታቸው። መነኩሴ እንዲህ ይስቃል ወይ ተብሎ ነገሩ የፓርላማ ኮሚቴ ድረስ ሄደ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ሁለቱም ምንኩስናውን ተዉ።

ቲያትሩን በተመለከተ፣ ሆቴል ውስጥ ከጠየቅሽ ሁሉም የሚልክሽ ወደ ኮን ነው። ጭንብል የሚደረግበት ዳንስ ነው፣ ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 2018 መዝግቦታል። ታሪኩ ራማኪየን የሚባለው የታይላንዶች ጥንታዊ የጀግኖች ተረት ነው፣ አስር ፊት ያለው ቶትሳካንና ነጩ ዝንጀሮ ሃኑማን ይፋለሙበታል። ጭንብል ያደረጉት አይናገሩም፣ ከጎን የተቀመጡ ሰዎች ናቸው የሚናገሩላቸው፣ ስለዚህ አንቺ እጅና እግራቸውን ታነቢያለሽ። እኔ ያየሁት ባንኮክ ውስጥ በፈረንጆቹ 1933 በተከፈተው ሳላ ቻለርምክሩንግ በሚባል ቲያትር ቤት ነው፣ ያኔ 500 ባት (የታይላንድ ገንዘብ ነው) በሆነው የታላቁ ቤተ መንግሥት መግቢያ ትኬት ኮኑም አብሮ ይታይ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሆነ እናትሽን አያደክማትም። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ሁሉም ጸጥ ብሎ ስልኩን ደቅኖ ነው የሚያየው።

አሁን ወደ ሊኬ ልምጣ፣ እኔ የምወደው እሱን ነው። ሊኬ የገጠርና የሰፈር ቲያትር ነው፣ ብዙ ጊዜ ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ ማታ ማታ ይታያል። ስሙ የመጣው ከዚክር ነው፣ አዎ እኛም የምናውቀው የሙስሊሞቹ ዚክር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው ከዚያ ዜማ እየራቀ ቲያትር የሆነው። መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈልም፣ ምክንያቱም የሚከፍለው ደጋሹ ነው። ስለት የደረሰለት ሰው ቡድን ቀጥሮ ስለቱን በሊኬ ይከፍላል። የተጻፈ ቃለ ተውኔት የላቸውም። አለቃው ታሪኩን ከመጋረጃ ጀርባ ይነግራቸዋል፣ ግጥሙን እዚያው መድረክ ላይ ይፈጥሩታል። መሃል ላይ ያለችው አንዲት አግዳሚ ወንበር አንዴ ዙፋን፣ አንዴ አልጋ፣ አንዴ ጫካ ትሆናለች።

አዩታያ የምትባል ከተማ አካባቢ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሊኬ ወሰደኝ። ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን፣ ቀልደኛው ወጣ፣ ዞር ሲል እኔን አየ። በቃ። ባልደረባዬ እንደተረጎመልኝ፣ ንጉሡ ለልጁ ከሩቅ አገር ያስመጣው ሙሽራ ይኸው መጥቶ ምንጣፍ ላይ የተጠበሰ ዶሮ እየበላ ነው አለ። ሕዝቡ ዞሮ አየኝ። ልዕልቲቱ ከመድረክ እጅ ነሳችኝ፣ ተነስቼ መቶ ባት ሰጠኋት፣ ከዚያ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት የታሪኩ ሰው ሆኜ ቀረሁ። አዝማሪ ቤት ገብተሽ ተሰድበሽ ታውቂያለሽ? ልክ እንደሱ ነው። ቀልደኛው ከሞተው ንጉሥ መንፈስ የሎተሪ ቁጥር ሲለምን ደግሞ ያለ አስተርጓሚ ሳቅኩ፣ መጀመሪያ የለመድኩት ታይኛ ቁጥር ነበርና። ሎተሪያቸው በወር ሁለቴ ስለሚወጣ ሰዉ ቁጥሩን ሲጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ!

ስለዚህ ለዚያች ሴትዮ፣ በአካባቢው የሊኬ ድግስ ያለበት ቤተ መቅደስ ካለ ጠይቂልኝ በያት። ዝናቡ ካለፈ በኋላ ይበዛል። የትንኝ ቅባት፣ የሚነጠፍ ነገርና ዝርዝር ባለ 20 ባት ያዢ። ስትቀመጡ እግራችሁን ወደ ሰው አትዘርጉ፣ ነውር ነው። መሪው ተዋናይ፣ ፕራ ኤክ ይሉታል፣ ከላይ እስከ ታች በሚያብለጨልጭ ድንጋይ አጊጦ ይወጣል። ሜ ዮክ የሚባሉ ጠና ያሉ ሴት አድናቂዎች ደግሞ በገንዘብ የተሠራ የአበባ ጉንጉን አንገቱ ላይ ያጠልቁለታል። እናትሽም ብር ልሰካለት ብላ ከተነሳች አትከልክያት።